«እብጠት» ብዬ ጻፍኩ፦ ስለ ኩላሊት፣ ስለ ቆዳና ስለ ጋዶሊኒየም

(ለኩላሊት ሕሙማንና ለቤተሰቦቻቸው በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከጥቂት ማስተካከያ በቀር እንደተነገረ ቀርቧል።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ጥሩ። ዛሬ ጠዋት ደማችሁን በዲያሊሲስ ማሽን ታጥባችሁ በቀጥታ ወደዚህ የመጣችሁ እንዳላችሁ ከፊታችሁ አያለሁ። ድካሙን አውቀዋለሁና መሃል ላይ ዓይናችሁ ቢከደን አልቀየምም። ካንኮራፋችሁ ግን ጎረቤታችሁ ይቀሰቅሳችሁ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የዲያሊሲስ ነርስ ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ፊስቱላ (ለእጥበት ክንድ ላይ የሚዘጋጀውን የደም ሥር) ስወጋ፣ ማሽን ስከፍትና ስዘጋ የኖርኩ ሰው ነኝ። የኩላሊት ሕመምተኛን ቆዳ እጄ ያውቀዋል፤ ቢያንስ የሚያውቀው ይመስለኝ ነበር።

ሦስት ነገር ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። አንደኛ፣ ብረት ከየት መጥቶ ቆዳችን ውስጥ ይቀራል? ሁለተኛ፣ ይህን ለማወቅ ለምን ዘጠኝ ዓመት ፈጀ? ሦስተኛ፣ ነገ ኤምአርአይ ቢታዘዝላችሁ ምን ትጠይቃላችሁ? ከሦስቱም በፊት ግን አንድ ጥፋቴን ልናገር።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የ2000ዎቹ አጋማሽ ነው። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በሳምንት ሦስት ቀን እኔ ጋ የሚታጠቡ አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ቀን ገና አልጋው ላይ ጋደም እንዳሉ «ሲስተር፣ እግሬ የእኔ አልመስልሽ አለኝ። እንጨት ታስሮልኝ የምሄድ ነው የሚመስለኝ» አሉኝ።

እኛ ነርሶች እብጠትን የምናየው በአውራ ጣት ነው። ከጉልበት በታች አጥንቱ ላይ ጫን እናደርጋለን፣ እስከ አምስት እንቆጥራለን፣ እንለቃለን። ውኃ ከያዘ ጣቱ የነበረበት ቦታ ጎድጉዶ ይቀራል። ተጫንኩ። አልጎደጎደም። ደግሜ ተጫንኩ፤ ጠረጴዛ የተጫንኩ ያህል ነው። ቆዳው ያብለጨልጫል፣ ወደ ቡናማ ቀይ ሄዷል፣ በሁለት ጣት ቆንጥጬ ላነሳው ብሞክር አይነሳም። ታዲያ ምን ጻፍኩ? «ሁለቱም እግር፦ እብጠት» ብዬ ጻፍኩ። ለምን? ፎርሙ ላይ ያለው ቃል እሱ ነበራ! «እንጨት» የሚል ሳጥን የለም።

እብጠት ተብሎ ከተጻፈ ምን ይደረጋል? ውኃ ይቀነሳል። በማሽኑ የሚወጣውን ውኃ ጨመርን። ደም ግፊታቸው ወረደ፣ ባታቸውን ቁርጠት ያዛቸው፣ እግሩ ግን ያው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጉልበታቸው አልዘረጋ አለ። ቀጥሎ ጣቶቻቸው። ቡጢ መጨበጥ አቃታቸው። ልጃቸው በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝና «ሲስተር፣ ይሄ ነገር የጀመራት ያን ኤምአርአይ ከተነሳች በኋላ ነው» አለችኝ። እኔስ ምን አልኳት? «አይገናኝም» አልኳት። ኤምአርአይ ጨረር እንኳ የለው! በሙሉ ልብ ነው የመለስኩላት። ዛሬም ሳስታውሰው የሚያመኝ ያ ሙሉ ልቤ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኚህ እናት አልደበቁም። በደንብ ተናግረዋል፤ ያውም «እንጨት» በሚል በትክክለኛው ቃል።

እሺ፣ ወደ አንደኛው ነጥብ። ብረት።

በቋንቋችን ትንሽ ችግር አለ። «ብረት» ስንል ደማችን ውስጥ ያለውን አይረን ማለታችን ነው፤ ደግሞም ብረታ ብረት ሁሉ ማለታችን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ቆዳዬ ውስጥ ብረት አለ» ቢለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «የትኛው?» ብዬ ነው። ታሪካቸው የተለያየ ነዋ።

አይረን አለ። ዛሬ ደም ማነስ ሲይዛችሁ ኤሪትሮፖይቲን ትወጋላችሁ። ያ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1989 ነው። ከዚያ በፊት ብዙ የዲያሊሲስ ታካሚ የሚኖረው በደም ልገሳ ነበር። አንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም አይረን ይዞ ይገባል፤ ሰውነታችን ደግሞ የተረፈ አይረን የሚያስወጣበት በር የለውም። ጉበት ውስጥ ይከማቻል፣ ልብ ውስጥ ይከማቻል፣ ቆዳ ውስጥም ይከማቻል። ሥራ ያስተማሩኝ ትልልቆቹ ነርሶች «የነሐስ ፊት» ይሏቸው የነበሩት እነዚያን ታካሚዎች ነው። የአንዳንዶቹ የእጃቸው ጀርባ ፀሐይ ሲነካው ውኃ እየቋጠረ ይላጥ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለው ጥቂት ነው። የአይረን መርፌ የምንሰጣችሁ ግን በዘፈቀደ አይደለም፤ ፌሪቲናችሁን፣ ማለትም የተከማቸውን አይረን የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ እየለካን ነው። «ለምን ደም ትቀዱናላችሁ?» እያላችሁ የምትቆጡኝ ሰዎች፣ መልሱ ይሄው።

አሉሚኒየም አለ። አንድ እጥበት አራት ሰዓት ቢፈጅ፣ በደቂቃ 500 ሚሊሊትር የማጠቢያ ፈሳሽ ቢያልፍ፣ በደማችሁ ተቃራኒ የሚሄደው ስንት ይሆናል? 120 ሊትር! በ1970ዎቹ ይህ ውኃ በወጉ ሳይጣራ ሲቀርና ደም ውስጥ የሚበዛውን ፎስፌት ለመቀነስ የሚሰጠው ኪኒንም አሉሚኒየም ሲሆን የታካሚዎቹን አንጎልና አጥንት ጎዳ። ይህኛው ዋና ጉዳቱ ቆዳ ላይ ስላልሆነ አልፈዋለሁ። ከጀርባ ያለው ትልቁ የውኃ ማጣሪያ ሲበላሽ እጥበት የምናቆመው ግን በዚህ ምክንያትም መሆኑን እወቁልኝ። ማስቸገር ፈልገን አይደለም።

ካልሲየም አለ። አዎ፣ ካልሲየምም ብረታ ብረት ነው። የቆዳ ትናንሽ የደም ሥሮችን ግድግዳ ሲይዝና ሲዘጋ ካልሲፊላክሲስ ይባላል። ሆድ፣ ጭን ወይም ባት ላይ ወይን ጠጅ መረብ የመሰለ ነገር ወጥቶ ከሚታየው በላይ ካመማችሁ የሚቀጥለውን ቀጠሮ አትጠብቁ። ይሄ የሳይቃጠል በቅጠል ጉዳይ ነው። በዚያው ቀን ደውሉ።

አራተኛው ዛሬ የመጣሁበት ነው፤ ጋዶሊኒየም። ይህ በተፈጥሮ ሰውነታችን ውስጥ ምንም ሥራ የሌለው ብረት ነው። እንግዳ ነው። ማግኔት አጠገብ ሲሆን ግን የሚያደርገው ነገር አለ፤ በዙሪያው ያለውን የውኃ ምልክት ያጎላል። ስለዚህ ኤምአርአይ ክፍል ውስጥ ክንዳችሁ ላይ የሚወጋው «ኮንትራስት» አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። የመጀመሪያው በ1988 ነው ለገበያ የተፈቀደው።

ለብቻው ሲሆን መርዝ ነው። መጠኑ ካልሲየምን ስለሚቀራረብ የካልሲየምን በር ይዘጋል። ስለዚህ ፋብሪካው እርቃኑን አይልከውም፤ በሌላ ሞለኪውል ጠፍሮ ነው የሚልከው። አሁን አንድ ነገር አብረን እንሥራ። ሁላችሁም ስልካችሁን አውጡ። አውጡ እስኪ! በሁለት ጣት ብቻ ያዙት፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት። ጎረቤታችሁ ይሳበው። ወጣ አይደል? አሁን ሙሉ በሙሉ ጨብጡት። ይሳበው። እምቢ አለ? (ሳቅ) እንግዲህ የመጀመሪያው ዓይነት ሊኒየር ይባላል፤ ጋዶሊኒየሙን ከጎን አቅፎ ነው የሚይዘው። ሁለተኛው ማክሮሳይክሊክ ነው፤ ዙሪያውን የተዘጋ ቀለበት ነው፤ ይጨብጠዋል። ከዛሬው ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ትሄዱ እንደሆነ ይህን የስልክ ጨዋታ ያዙ።

ጤነኛ ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራል። ከተወጋው ጋዶሊኒየም ግማሹን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያስወጣዋል፤ ጠፍሮ የያዘው ሞለኪውል ሳይፈታ ማለት ነው። ኩላሊት ክፉኛ ሲደክም ያው ግማሹ ለመውጣት ከ30 ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ረጅም ጊዜ ውስጥ ዚንኩ ይስበዋል፣ መዳቡ ይስበዋል፣ አይረኑና ካልሲየሙ ይስቡታል። ሊኒየሩ ይለቅቃል። የኩላሊት ሰው ደሙ ውስጥ ደግሞ ምን ይበዛል? እናንተ ንገሩኝ! ... ፎስፌት፣ ጎበዞች! የተፈታው ጋዶሊኒየም ከፎስፌት ጋር ይጣመርና ደለል ይሆናል። ቆዳ ውስጥ ይቀመጣል።

የቆዳ ጠባቂ ሕዋሳት ደለሉን ይውጡታል፣ ሊፈጩት አይችሉም፣ «እርዱን» ብለው ይጮሃሉ። ጥሪውን የሚሰሙት ቁስል የሚጠግኑት ሕዋሳት ናቸው። ከደም ወጥተው ይመጡና ጠባሳ መሥራት ይጀምራሉ። ቁስል የለም፤ ጠባሳ ግን ይሠራል፤ ማንም «በቃ» የሚላቸው የለም። ከቁርጭምጭሚት ተነስቶ ወደ ጭን፣ ከእጅ ተነስቶ ወደ ክንድ። ፊትን አብዛኛውን ጊዜ ይምራል። መገጣጠሚያን ግን ይቆልፋል። አንዳንዱ ላይ ወደ ጡንቻ፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ልብ ይዘልቃል። ስሙ ኔፍሮጀኒክ ሲስተሚክ ፋይብሮሲስ ይባላል። ረጅም ነው፤ «ኤንኤስኤፍ» በሉት።

ሁለተኛው ነጥብ። ለምን ዘጠኝ ዓመት ፈጀ?

የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች የታወቁት በ1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ሾን ካውፐር የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ2000 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ጻፉት፤ አዲስ የቆዳ በሽታ ነው፣ የሚይዘውም የዲያሊሲስ ታካሚዎችን ነው አሉ። መንስኤው ግን አልታወቀም። ብዙ ነገር ተጠረጠረ፤ ኤሪትሮፖይቲን እንኳ ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ነበር። ጋዶሊኒየምን የጠረጠረ ማን ነበር? ከጥርጣሬ ውጪ ነበራ!

እዚህ ላይ ልቆይባችሁ ነው፤ ታሪኩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ያኔ የምንፈራው የሲቲ ስካንና የአንጂዮግራፊ (የደም ሥር ምርመራ) ኮንትራስት ነበር፤ አዮዲን ያለበትን። ኩላሊት ይጎዳል ተብሎ ነው። ስለዚህ ደግ ሐኪም ምን ያደርጋል? የደከመ ኩላሊት ያለውን ሰው ከአዮዲን አሽሽቶ ወደ ጋዶሊኒየም ይልከዋል። ያውም የደም ሥር ለማየት ሲሆን መጠኑ እጥፍ፣ አንዳንዴም ሦስት እጥፍ ይሆናል። ገባችሁ? መድኃኒቱን በገፍ ያገኙት ሊያገኙት የማይገባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ያገኙትም ታስቦላቸው ነው። እኚያ እናት ኤምአርአይ የታዘዘላቸው በዚህ ደግነት ነው። እንኳን ሐኪሙ እኔም «ጥሩ፣ ከአዮዲኑ ተረፉ» ብያለሁ።

ሌላው ምክንያት መዝገብ ነው። ቆዳው መጥበቅ የሚጀምረው መርፌው ከተወጋ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው። የቆዳ ሐኪሙ ቆዳውን ያያል፤ የኤምአርአይ ክፍሉ መርፌውን በራሱ መዝገብ ይጽፋል፤ እኛ ኪሎና ደም ግፊት እንጽፋለን። ሦስቱ መዝገቦች አንድ ጠረጴዛ ላይ አይገናኙም። የሚገናኙት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ታካሚው ቤት። ልጅቷ ያወቀችው ለዚህ ነው።

በጥር 2006 ቶማስ ግሮብነር የተባሉ ኦስትሪያዊ የኩላሊት ሐኪም አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። ጋዶሊኒየም ተወግተው ኤምአርአይ ከተነሱ ዘጠኝ ታካሚዎቻቸው አምስቱ ይህን በሽታ ያዙ። ከዘጠኝ አምስት! በዚያው ዓመት ከዴንማርክ 13 ታካሚዎች ሪፖርት ተደረጉ፤ ሁሉም ጋዶሊኒየም ወስደው ነበር። በ2007 ደግሞ ከታካሚዎቹ ቆዳ ተቆርጦ በተቀመጠ ናሙና ውስጥ ራሱ ብረቱ ተገኘ። ከዚያ ማስጠንቀቂያ በማስጠንቀቂያ ላይ መጣ። በ2010 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ሦስት ሊኒየር መድኃኒቶች ኩላሊቱ በድንገት ለተጎዳ ወይም በቆየ በሽታ የማጣሪያ አቅሙ በደቂቃ ከ30 ሚሊሊትር በታች ለሆነ ሰው እንዳይሰጡ ከለከለ። በ2017 አውሮፓ በደም ሥር የሚሰጡ አብዛኞቹን ሊኒየሮች ከአገልግሎት አገደ።

የኦስትሪያውን ወረቀት ሐኪማችን አትመው አንድ ጠዋት ነርሶች ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ቆሜ አነበብኩት። ላብ አጠመቀኝ። በዚያው ቀን የእኚያን እናት ካርድ አወጣሁ፤ ኤምአርአዩ የተነሱበትን ቀንና እኔ «እብጠት» ብዬ የጻፍኩበትን ቀን ጎን ለጎን አየሁ። ሁለት ወር አልሞላም። ልጅቷ ስትመጣ ወጥቼ «ይገናኛል» አልኳት። «ይቅርታ» አልኳት። እሷ ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ማን ያውጣላት?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ያን ብረት ጠርጎ የሚያወጣ መድኃኒት የለም። በየኢንተርኔቱ «ብረት ከሰውነት እናጸዳለን» እያሉ የሚሸጡላችሁን ሰዎች አትመኑ፤ ብረት ሳቢ መድኃኒቶች የደከመ ኩላሊት ላለው ሰው ራሳቸው አደጋ ናቸው። ይህን የምለው በቁጣ ነው፤ ቁጣዬም ይታወቅልኝ።

ሦስተኛው ነጥብ። እዚህ ጋ ተጠንቅቄ ልናገር፤ እስካሁን ያስፈራኋችሁ መስሎኛልና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወንድማችን፣ እሳቸውም በእጥበት ላይ ያሉ፣ ጀርባቸውን አመማቸው፤ ትኩሳትም ነበራቸው። ሐኪሙ አከርካሪው ላይ መግል እንዳይሆን ሰግቶ ኤምአርአይ በኮንትራስት አዘዘ። እሳቸው ግን ስለ ጋዶሊኒየም አንብበዋል። «ቆዳዬን እንጨት አላስደርግም!» ብለው ሄዱ። በአራተኛው ቀን ሲመለሱ እግራቸው መታዘዝ እያቆመ ነበር። ያኔ ተነሱ፤ መግሉ ታየ፤ ተከፈተ። ዛሬ በከዘራ ይሄዳሉ። «ሲስተር፣ ከእንጨት ስሸሽ እንጨት ያዝኩ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ቀልዱ የእሳቸው ነው፤ እኔ እንድነግራችሁ ፈቅደውልኛል።

ለእሳቸው የተወጋው ማክሮሳይክሊክ ነበር። ስለነዚህ መድኃኒቶች የሚታወቀውን ቁጥር ልንገራችሁ። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት የብዙ ጥናቶችን ውጤት ሰብስቦ፣ የኩላሊት በሽታቸው ደረጃ 4 ወይም 5 (የከፋው ደረጃ) የሆኑና አስተማማኝ ከሚባለው ምድብ መድኃኒት የወሰዱ 4931 ሰዎችን ቆጠረ። ኤንኤስኤፍ የያዘው ስንት ሆነ? ዜሮ። አንድም ሰው የለም። ይህ ማለት አደጋው ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም፤ እጅግ ትንሽ ነው ማለት ነው። የአከርካሪ መግል ግን ትንሽ አይደለም።

ስለዚህ አትሽሹ፤ ጠይቁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ጠርጥሮ የሮጠውም እንደማይተርፍ አየን። ኤምአርአይ ሲታዘዝላችሁ «ኮንትራስት የግድ ነው ወይ?» በሉ፤ ብዙ ጊዜ ያለ መርፌም በቂ ነው፣ ያለ መርፌ ከሆነ ጋዶሊኒየም የለም። የግድ ከሆነ «ስሙ ማን ይባላል?» በሉ። ጋዶቡትሮል፣ ጋዶቴሬት፣ ጋዶቴሪዶል ከተባላችሁ እነዚህ የጨበጡት ናቸው። ስሙን፣ መጠኑንና ቀኑን የራሳችሁ ደብተር ላይ ጻፉ፤ ወይም ጠርሙሱን በስልካችሁ አንሱት። ሦስቱ መዝገቦች የሚገናኙት እናንተ ቤት ነው አላልኳችሁም?

በማሽን የምትታጠቡ፣ ቀጠሮውን ከእጥበታችሁ በፊት አድርጉት። አንድ እጥበት ከጋዶሊኒየሙ አብዛኛውን ያወጣዋል፤ ከሦስት በኋላ የሚቀረው ጥቂት ነው። በሆድ የምትታጠቡ፣ በሆድ ያለው እጥበት ጋዶሊኒየምን በደንብ አያወጣም፤ ስለዚህ ቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ። እጥበት ያልጀመራችሁ ደግሞ ለዚህ ብላችሁ አትጀምሩም። አንድ ግራ መጋባት ላጥራ፤ የሲቲ ስካን መርፌ አዮዲን ነው፣ ጋዶሊኒየም አይደለም፣ ይህን በሽታ አያመጣም። ባለፈው አንዲት እናት ራጅ አልነሳም ብለውኝ ነበርና ነው።

ቆዳ ስለጠቆረ ወይም ስላሳከከ ሁሉ ጋዶሊኒየም ነው ማለትም አይደለም። ማሳከክ ከኩላሊት በሽታ ጋር በብዙ ምክንያት ይመጣል። እኔን የሚያስደነግጠኝ ጠንክሮ የማይቆነጠጥ፣ የማይጎደጉድ፣ መገጣጠሚያ የሚይዝ ቆዳ ነው። እሱን ካያችሁ «እብጠት ነው» የሚላችሁን ነርስ አትቀበሉ። እኔን ጨምሮ።

እኚያ እናት ምን ሆኑ ትሉኛላችሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ የኩላሊት ንቅለ ተከላ አገኙ። ኩላሊት ሲመለስ ይህ በሽታ በአንዳንዱ ሰው ላይ ይለዝባል፤ በሁሉም አይደለም። ጉልበታቸው ሙሉ በሙሉ አልተዘረጋም። ግን አንድ ቀን ለክትትል መጥተው እኔ ጋ ጎራ አሉ፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉና «ሲስተር፣ እስኪ ተጫኚው» አሉኝ። አውራ ጣቴን አሳረፍኩ። እስከ አምስት ቆጠርኩ። ለቀቅኩ።

ጎደጎደ። ትንሽ፣ ግን ጎደጎደ። በሥራ ዘመኔ በእብጠት የተደሰትኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ እንቀበል፤ እዚያ መስኮቱ ጋ እጃቸውን ያወጡት አባት ይጀምሩ።